ከመጋዘን የማይወጡት ሰባ አምስት ወንበሮች

ሰኔ 21፣ 2016

አፌን ምን ላድርገው ነው የሚሉኝ? «ሰው የሚቀመጠው ወንበር ላይ ነው፣ ያንተ አፍ ላይ አይደለም» ይሉኛል ኦቦ ጃርሶ። እዛው የእድሩ መጋዘን በር ላይ፣ ባለፈረስ ጋሪው ተሬፋ ጋሪው ላይ ሆኖ እየሰማ። የእድር ዳኛ ስለሆኑ እንጂ… እኔ ባልኖር ድንኳናቸውን አይጥ ነበር የሚጨርሰው።

የመጋዘኑን ቁልፍ ከያዝኩ ሁለት ዓመት። መቶ ሃምሳ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁለት ድንኳን፣ ሰባት ብረት ድስት። ወንበሮቹ ጀርባ ላይ የእድሩ ስምና ቁጥር አለ፣ በቀይ ቀለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሰባተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ነው የጻፈው ብትል ማንም አያምንህም። ያምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለንሳ መጣች። የኛ ሰፈር ለንሳ፣ ሕንድ አገር አምስት ዓመት ተምራ ዶክተር ሆና የመጣችው። አሁን ዩኒቨርስቲ ታስተምራለች። ስለ ደቡብ እስያ ኮንፈረንስ ደግሳለች፣ ከሕንድም ከስንት አገርም ሰው የሚመጣበት። ግቢውን ግን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያዘባት። ከተማ ውስጥ ያለውን የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ፈቀዱላት። ግድግዳ ብቻ ነው፣ ወንበር የለውም።

«መቶ ሃያ ወንበር፣ ለሦስት ቀን» አለችኝ።

«አለኝ።»

«ኦቦ ጃርሶ ይፈቅዳሉ?»

«እኔን ጠየቅሽ፣ እኔ አለኝ አልኩሽ። ከዚህ በኋላ ስለ ወንበር አታስቢ።»

ደንቡ ነው ችግሩ። ለሰርግም ይሁን ለምርቃት፣ ማንም ቢወስድ ግማሹ ከመጋዘን አይወጣም። ከ1 እስከ 75 ይወጣል። ከ76 ጀምሮ ያለው ቁጭ ይላል፣ ድንገት አባል ቢሞትስ ተብሎ። ለኦቦ ጃርሶ ሰባ አምስት አልኳቸው። «እንዳይሰበር» ሲሉኝ፣ «እኔ እያለሁ አንድ እግር አይሰበርም፣ ሕንዶቹ ራሳቸው ይመሰክሩልኛል» አልኩ። ስለ አፌ የተናገሩኝ ያኔ ነው።

በሦስት ቀን ማን ይሞታል? ሰፈሩ ከፋሲካ ወዲህ ሰው አልቀበረም።

ይሄን ደብተር የሰጡኝ ለወንበር መውጫና መግቢያ ነው። ከኋላ በኩል ግን ባዶ ነው… ማን ያየዋል?

ሰኔ 25

ከለንሳ ጋር አዳራሹን ለካን። በእርምጃ። የኔ እርምጃ ልክ አንድ ሜትር ነው።

«ይሄ ደቡብ እስያ የምትይው ሕንድ ነው አይደል?»

«ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ኔፓል፣ ስሪላንካ…»

«እና ስለነሱ አገር ለማውራት አምቦ ድረስ ምን አመጣቸው?»

«እኔ አምቦ ስላለሁ» አለች። ጉራ ከኔ በላይ አላት።

ከዛ ነገረችኝ። እዛ ስትማር አምቦ የት ነው ይሏት ነበር። መልስ ሲሰለቻት «መጥታችሁ ታያላችሁ» ትላቸዋለች። አንድ አሮጊት አስተማሪ ነበሯት፣ ፕሮፌሰር ሱባሺኒ፣ ሰባ አራት ዓመታቸው። ይሄን ስትላቸው አልሳቁም። «ቀኑን ንገሪኝ» አሏት። ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን ቀኑን ነገረቻቸው፣ መጀመሪያ እመጣለሁ ያሉትም እሳቸው ናቸው።

«ቆመው እንዳይሰሙኝ ብቻ» አለች።

አይቆሙም አልኳት።

ሰኔ 29

ዝናብ። ወንበር አጠብኩ፣ መቶ ሃያውን። ተሬፋ «ሰባ አምስት አልነበር እንዴ?» አለ። ፈረስህን አብላ አልኩት።

ሐምሌ 2

ፕሮግራሙ ታትሞ መጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ስሜ አለ። ኦሊቃ፣ ሎጂስቲክስ። ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሁ። ለባጃጅ ነጂዎቹም። አንዱ «ሎጂስቲክስ ምንድነው?» አለኝ። ሳያውቅ የኖረውን እኔ አላስተምረው።

አዴ ድንቅቱ በረንዳቸው ላይ ነበሩ፣ ከኛ ቤት አራተኛው በር። ወረቀቱን ገልብጠው ይዘው ብዙ አዩት።

«ምን ሰጥተሃቸው ነው ስምህን የጻፉት?»

«ወንበር።»

«የእድሩን?»

«አዎ።»

«ለኔም ቀን አንድ ሁለት አትርፍልኝ እንግዲህ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጥርስ የላቸውም፣ ሳቃቸው ግን ጥሩ ነው።

ሐምሌ 7

ገቡ። ከአዲስ አበባ በሁለት ሚኒባስ። ለንሳ ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ደህና ነው ወይ እያለች ስትደውል ውላ እጇ ላይ ስልክ የበቀለ ነበር የሚመስለው። ሠላሳ አንድ የውጭ ሰው። ቀሪው የኛ አገር አስተማሪ ነው።

ሕንዱና ፓኪስታኑ ይጣላሉ ብዬ ወንበራቸውን ላራርቅ ነበር፣ ዜና እሰማለሁ። አንድ ጃንጥላ ይዘው ወረዱ። ስለ ክሪኬት ነው የሚያወሩት አለች ለንሳ። ተውኩት።

ሐምሌ 8

አንደኛ ቀን። ሁሉም ተቀመጠ። አንድም ሰው አልቆመም። ይሄን የሠራው ማነው?

ንግግሩ ግን… አንዱ ስለ አንድ ወንዝ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። እኔ ብዋኘው አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ጥያቄ አለኝ ብሎ የሚነሳ ሰው ደግሞ ጥያቄ የለውም። ሌላ ንግግር ነው ያለው።

በሻይ ሰዓት ፕሮፌሰር ሱባሺኒ ጠሩኝ። ቀጭን ናቸው፣ ነጭ ፀጉር፣ ሻርፕ። የወንበሩን ጀርባ እያሳዩ ቀዩ ጽሑፍ ምንድነው አሉ። የሚገባኝን ያህል እንግሊዝኛ አለኝ። «ማይ ካምፓኒ» አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ቆንጆ ነው አሉ።

ምን ነበረበት? ከሦስት ቀን በኋላ ይሄዳሉ።

ሐምሌ 9

እጄ አሁንም ይሸታል፣ ጭቃ።

አራት ሰዓት ላይ ከኔፓል የመጣ ሰውዬ ስለ ተራራ መንገድ ያወራል። ጥሩምባ ሰማሁ። የኛን ጥሩምባ። ጫፉ የተሰነጠቀ ነው፣ የትም ብሆን አውቀዋለሁ። ወጣሁ። ጥሩምባ ነፊው በአዳራሹ አጥር በኩል ነው የሚያልፈው። አዴ ድንቅቱ አርፈዋል። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት።

ስልኬ ጠራ። ኦቦ ጃርሶ። ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ጋ አለ።

«መጋዘን ውስጥ ሠላሳ ነው ያለው» አሉ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ሁለቴ ቆጠርኩ፣ ዓይኔ ነው ብዬ።»

«ኦቦ ጃርሶ፣ እኔ…»

«ከጎጆ ከተማም ከሸነንም ዘመድ ተነስቷል። መሬቱ ጭቃ ነው። አሮጊቶቹ ቆመዋል።» ዘጉት።

ለንሳን ወደ ውጪ ጠራኋት። ነገርኳት፣ አርባ አምስቱ ደንብ አፍርሼ ያወጣኋቸው እንደሆኑም።

«እስከ ስድስት ሰዓት» አለች። «አምስት ሰዓት ላይ ፕሮፌሰር ይናገራሉ። ይሄ ሁሉ ለሳቸው ነው። ከዛ ሁሉንም ውሰድ።»

«አሮጊቶቹ ቆመዋል።»

«አለኝ ብለኸኝ ነበር። ስለ ወንበር አታስቢ ብለኸኝ ነበር፣ ኦሊቃ።»

ብያለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ብቆይ ማንም አይገድለኝም። ቀብሩ ዘጠኝ ላይ ነው… ግን ሴትየዋ አንድ ሁለት አትርፍልኝ ብለውኛል።

ገባሁ። ኔፓሉ ሲጨርስ ማይኩን ከእጁ ተቀበልኩ። በአማርኛ ነው ያወራሁት፣ ለንሳ ሳትወድ ተረጎመች።

«ወንበሩ የኔ አይደለም። ካምፓኒ የለኝም። የሰፈር እድር ነው። እድር ማለት ሰው ሲሞት ሰፈሩ ተሰብስቦ የሚቀብርበት ነው። ዛሬ ሰው ሞቷል። እባካችሁ ጀርባችሁን እዩ። ከሰባ ስድስት ጀምሮ ቁጥር ያለበት ይነሳልኝ።»

መቶ ሃያ ሰው ዞሮ የራሱን ወንበር ጀርባ ሲፈልግ… እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንዱ አስተማሪ የጎረቤቱን እያነበበ «አንተ ነህ፣ ዘጠና ሁለት» ይለዋል። ፊት ለፊት አንድ የቢሮ ኃላፊ ነበር፣ ሰማንያ አንድ ላይ። ስልኩን ማየት ጀመረ።

ቀድመው የተነሱት ፕሮፌሰር ሱባሺኒ ናቸው። ዘጠና ስምንት። ወንበሩን ራሳቸው አነሱና በሁለት እጃቸው ይዘው በኃላፊው አጠገብ አልፈው በሩ ጋ አስቀመጡት። ከዛ ሁሉም ተነሳ። ኃላፊውም።

ተሬፋ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። በመንገድ ላይ «ግን ማንኛውንም አርባ አምስት ብታነሳ አይሆንም ነበር? ቁጥር ምን ያደርጋል?» አለኝ።

አላሰብኩትም። እውነቱን ነው… ጭራሽ አላሰብኩትም።

የፕሮፌሰርን ንግግር አልሰማሁም። ባለወንበሩ ለቋሚው ሲለቅ ነበር አሉ። ሕንዱ ስልሳ ላይ፣ ፓኪስታኑ መቶ ሁለት ላይ ነበሩ፣ ስልሳ ላይ በየተራ ሲቀመጡ አረፈዱ።

ወንበሮቹን ሳወርድ ኦቦ ጃርሶ እየቆጠሩ ነበር። አርባ አምስት ሲሞላ «እሺ» አሉ።

ከቀብር መልስ ለንሳ ፕሮፌሰርን ይዛ ልቅሶ ቤት መጣች። እኔን አላየችኝም፣ ማለት አይታ ነው። ዘጠና ስምንትን ፈልጌ ለፕሮፌሰር አቀረብኩ። ያወቁት አይመስለኝም። አሮጊቶቹ ጠጋ አሉላቸው። ማንም ማን ናቸው ብሎ አልጠየቀም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ሄዱ።

ሐምሌ 10

ሦስተኛው ቀን። ሰባ አምስቱ ላይ የጎደለውን ለንሳ ከጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ተውሳ ሞላች። ራሷ ለምና ነው። እኔን አልጠየቀችኝም።

ሐምሌ 11

ሄዱ። ሰባ አምስቱን አጥቤ መለስኩ። የተሰበረ የለም።

ሐምሌ 14

እሁድ። የእድር ስብሰባ።

«ሰረቅህ የሚል የለም» አሉ ኦቦ ጃርሶ። «ግን ሰባ አምስት ብለህ መቶ ሃያ አወጣህ። አዴ ድንቅቱ ቤት ሰው ለአንድ ሰዓት ቆመ። ቁልፉን አስቀምጥ፣ ኢልማኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው። በዛ ላይ ልጄ ምን ያደርጋል?

አስቀመጥኩ። አንድም ቃል አልመለስኩም። ተሬፋ አሞህ ነው ወይ አለኝ።

ደብተሩን ግን አልጠየቁኝም።

ሐምሌ 18

ለንሳ እኛ ቤት መጣች።

«ተቆጥተሻል?»

«ተቆጥቼ ነበር። አሁን ሪፖርት እየጻፍኩ ነው፣ ለቁጣ ጊዜ የለኝም።»

«ስለ ወንበሩ ጻፍሽ?»

«አንድ መስመር።»

«ምን ብለሽ?»

«‹በሁለተኛው ቀን ወንበር አጠረ።›»

«ይኸው ብቻ?»

«ምን ልጨምር? ስምህን?»

ከዛ ፕሮፌሰር እንደደወሉላት ነገረችኝ። ስለ ንግግሩ ምንም አላሉም። የሞቱት ሴትዮ ስማቸው ማን ነበር ብለው ነው የጠየቁት። ጻፈችላቸው።

ስትወጣ አንድ ነገር ጠየቅኳት፣ እድር አባል ለመሆን ማመልከቻ እንዴት ነው የሚጻፈው? እስካሁን አባሏ እናቴ ናት። እኔ ቁልፍ ያዥ ነበርኩ፣ ድንኳን ተካይ። ለወጣት እድር ምን ያደርጋል እል ነበር።

«እንደምታወራው ጻፈው» አለች።

ሐምሌ 19

ጻፍኩ። ለለንሳ አሳየኋት፣ እስክሪብቶ አወጣችና መልሳ ኪሷ ከተተች። «አልነካውም» አለች። ነገ ጠዋት ለኦቦ ጃርሶ በእጃቸው እሰጣለሁ። እዚህ የገለበጥኩት እንዳይጠፋ ነው።

«ለኦቦ ጃርሶ፣ ለእድሩ ዳኛ።

ቁልፉን መልሱልኝ አላልኩም። ለሌላ ሰው ስጡት። ግን አዲሱ ሰው ቁጥሮቹን ካላወቀ ይጠይቀኝ፣ 113 እግሩ ላላ ብሏል፣ ወፍራም ሰው አይቀመጥበት።

የምጠይቀው አባል እንድታደርጉኝ ነው። በእናቴ ስም አይደለም፣ በራሴ ስም። ሰው ሲሞት ከአባል እኩል ልጠራ። እኔም ስሞት ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥልኝ።

ሰባ አምስት ብዬ መቶ ሃያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም፣ ለንሳም አላወቀችም።

እሁድ ስብሰባ አለ። አዎ ወይም አይ በሉኝ። እናስብበት የሚባል መልስ አልፈልግም። እሁድ፣ እዛው፣ ሳትበተኑ ንገሩኝ።

ኦሊቃ»