ፊውዙ አባ ረሻድ ኪስ ነበር

ሰኞ

ተሳካልኝ! ሦስት ሳምንት ያደረቀኝ፣ የእንጨት ወርክሾፑን ሥራ ተራ የሚያስይዘው የኮምፒውተር ፕሮግራም ዛሬ እሺ አለ። እስካሁን የሚያውቀው አንድ ሰልፍ ብቻ ነበር፦ መሰንጠቅ፣ መላግ፣ መብሳት፣ መግጠም፣ ቫርኒሽ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀምርም። ትልቁ መጋዝ ምላጩ ሊቀየር ከቆመ ወርክሾፑ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አሁን የዴስኩ እግርና መቀመጫ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ትልቁ መጋዝ ከቆመ ደግሞ እንጨቱ ወደ ትንሹ መጋዝ ይዞራል፤ ግድግዳው ላይ በሰቀልነው ታብሌት አረንጓዴ «ጀምር» ይመጣል።

የወርክሾፑ ባለቤት ሐጂ መጥተው አዩት። «ማሻአላህ! የሸቤው ትምህርት ቤት ዴስክ በቀኑ ደረሰ በይኛ» አሉ። ሐጂ ሲያመሰግኑ የሰማሁት ዛሬ ገና ነው። ከጊንጆ ጉዱሩ እስከ በቾ ቦሬ ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። ይየኝ!

ማክሰኞ

ደብተር ይዤ ሠራተኛውን አንድ በአንድ «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ስል ዋልኩ።

አባ ረሻድ ትልቁን መጋዝ ከእኔ ዕድሜ በላይ ይዘውታል። ምላጭ መቀየር ስንት ደቂቃ ነው አልኳቸው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደቂቃውን ተይው። ፊውዙ ኪሴ ውስጥ እያለ እዚህ ቤት ምንም ነገር አይነሳም። እሱን ጻፊ።»

የትልቁ መጋዝ ማብሪያ ከተበላሸ ቆይቷል። ሁሌም እንደበራ ነው፤ የሚያቆመው ፊውዙን መንቀል ብቻ ነው። ስለዚህ ምላጭ ሲቀይሩ ነቅለው ደረት ኪሳቸው ይከቱታል። ሠራተኛው ኪሳቸውን ሳያይ ምንም አይነካም። «ምንም ነገር አይነሳም» ያሉትን ግን የሽማግሌ ጉራ አድርጌ ወሰድኩት። ፕሮግራሙ የሚጠይቀኝ ማሽን፣ ሠራተኛና ደቂቃ ነው፤ የፊውዝ ቦታ የለውም። «ማስታወሻ» የሚል ሳጥን ውስጥ ጻፍኩላቸው። ሳጥኑ የሚታየው ቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ታብሌቱ ላይ አይወጣም። በኋላ አስተካክለዋለሁ።

ረቡዕ

ሠራ። እግሩም መቀመጫውም አብረው ወጡ። በሁለት ቀን የሚያልቀው ባንድ ቀን አለቀ። ትንሹን መጋዝ የሚይዘው ታደለ፣ «አሁንስ ሻይ መጠጫም የለን!» ብሎ አሾፈብኝ። ትልቁ መጋዝ ዛሬ ምላጭ አልቀየረም። ስለዚህ ሁለተኛውን፣ ወደ ትንሹ መጋዝ የሚያዞረውን መንገድ ሲሠራ አላየሁትም። ይሁን፣ ይሠራል።

ሐሙስ

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት መብራት ሦስቴ ሄዶ መጣ። ከዚያ አባ ረሻድ ምላጭ ሊቀይሩ ፊውዙን ነቀሉ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ከጣውላው ክምር ጀርባ መጋዙ ላይ ጎንበስ አሉ። ፕሮግራሙ ያዘዝኩትን አደረገ። ትልቁ ቆሟል፣ ትንሹ «ጀምር»። ታደለ ተጫነ፤ አይነሳም። የፊውዙን ሳጥን ከፈተ፤ ባዶ ነው። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ፊውዝ መቃጠሉ የተለመደ ነው፤ አንዱ አውጥቶ ጥሎታል አለ በልቡ። አባ ረሻድን አላያቸውም፤ ታብሌቱ ጀምር ብሎታልና ኪሳቸውን ልይ አላለም። ከመሳቢያ ሌላ አውጥቶ ከተተ።

ሁለቱ መጋዞች አብረው ተነሱ። በአንድ ፊውዝ ነው ለካ የሚሠሩት። እኔ ስክሪን ላይ ሁለት መንገድ አድርጌ ሣልኳቸው እንጂ ግድግዳው ውስጥ አንድ ናቸው። ስንት ጊዜ ደቂቃ ስጠይቅ፣ ይሄን አንዴ አልጠየቅኩም።

ቢሮ ሆኜ ሰማሁት። የመጋዙን ድምፅ ማለቴ ነው። እሳቸው አልጮኹም።

የቀኝ እጃቸው ሦስት ጣት። ያ ረቢ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። «ታደለ ያለ ፈቃድ ፊውዝ ከተተ» አሉ። ለፖሊስም እንዲሁ ብለዋል። ታደለ ትናንት ማታ ጣቢያ ገብቷል። ስለ ታብሌቱ ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም።

የታደለ ሚስት በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ ትንሿን ልጅ አዝላለች። «እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ጀምር ብሎኝ ነው ይላል። ማነው ጀምር ያለው?»

«እስቲ ይጣራል፣ አብሽሪ» አልኳት። አብሽሪ! ምላሴ በተቆረጠ።

ቅዳሜ

ሐጂ ቢሮዬ መጥተው በሩን ዘጉ። «ያን አረንጓዴ ነገር አጥፊው። ለአንቺ ብዬ ነው፤ አባትሽን አውቃለሁ፣ አላህ ይዘንለት። ሥራሽንም አስቢ።» ክፋት አልነበረባቸውም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ፕሮግራሙ ያዘዘውን ሁሉ የሚይዝበትን መዝገብ ከፈትኩት፦ ሐሙስ፣ 4 ሰዓት ከ12፣ ትንሹ መጋዝ፣ ጀምር። መንገዱን ያስገባው፦ ሃያት፤ የእኔ ስም። ከስሩ ደግሞ ያ ማስታወሻ፣ በራሴ ቃል፦ «ፊውዙ አባ ረሻድ ኪስ ሲሆን ምንም አይነሳም።»

ለማጥፋት ሁለት ጊዜ መጫን ነው። አስተግፊሩላህ፣ ጣቴ እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየ። እናቴን አሰብኩ። ጣቢያ መግባትን አሰብኩ። ፈሪ ነኝ፣ ሁሌም ፈሪ ነበርኩ። ከዚያ የራሴን ጣቶች ሳያቸው አስጠሉኝ። አላጠፋሁትም። በወረቀት አተምኩት።

እሑድ

ሆስፒታል ሄድኩ። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ነው። ባለቤታቸው ብርቱካን ይልጡላቸዋል።

«አባ ረሻድ፣ ታደለን ጀምር ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸውና ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ሁሉንም፣ ማስታወሻዋንም ጭምር።

ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ይሉኛል ብዬ ነበር። ይህንን ነበር ልሰማ የመጣሁት፣ አልዋሽም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ነግሬሽ ነበር» አሉ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ጣቢያ ሂጂ። ታደለ ልጆች አሉት። መሳቢያው ውስጥ ያለውንም ትርፍ ፊውዝ አውጪልኝ፣ አንድም አይቅር።» ከዚያ ለባለቤታቸው በአገጫቸው አመለከቱ። እሳቸውም አባ ረሻድ ሐሙስ ለብሰውት የነበረውን ሸሚዝ ከፌስታል አወጡ፤ ደሙ ደርቆበታል። ከደረት ኪሱ ፊውዙን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ይቅርታ ይሁን ቅጣት አላውቅም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም።

ሰኞ

ጠዋት ወረቀቱን ለመርማሪው ሰጠሁ። ሁለቴ አነበበው። «ስምሽ ነው ይሄ?» አለ። አዎ አልኩ። ስጠራ እንድመጣ አስፈርሞ ለቀቀኝ።

ወርክሾፕ ስገባ ሐጂ ሰላምታዬን አልመለሱም። አላባረሩኝምም። መሳቢያውን አራገፍኩት፤ አራት ፊውዝ ነበር። ሳጥኑ ከሐሙስ ወዲህ ባዶ ነው፤ የአባ ረሻድ ፊውዝ ጃኬቴ ኪስ ነው። ፕሮግራሙንም ወደ አንድ ሰልፍ መለስኩት። የሸቤው ዴስክ ይዘገያል። ይዘግይ።

ከሰዓት ታደለ ተፈታ። ጉንጩ ገብቷል፣ ጢሙ አድጓል። በሩ ላይ ቆመ። ታብሌቱን ቀና ብሎም አላየው። የጃኬቴን ኪስ አየ።

«ፊውዙ እዚህ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ውጭ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።