ሳህን ተቀበለች ብላችሁ ለጣላችኋት

ይድረስ ለማኅበራዊ ሠራተኞች የፈቃድ ፈተና ቦርድ፤

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ ጤናችሁ እንዴት ነው? ወንበሩስ ተመችቷችኋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ኦዴሳ ፔትዌይ እባላለሁ፤ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ፀጉር ቤት አለኝ። ኮሌጅ ደጃፍ ስላልደረስኩ አጻጻፌ ላይ ስህተት ብታገኙ እንደ ልማዳችሁ ጣሉኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ ሬኒታ ጋድስደን ነው። ልጄ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ መንግሥት ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ወስዶ ለማያውቋቸው ሰዎች ሊሰጥ ሲል፣ ዳኛ ፊት ቆማ ተሟግታ ከእኔ ጋር ያስቀረቻቸው ማኅበራዊ ሠራተኛ እሷ ናት። የማስተርስ ዲግሪ አላት። መሥሪያ ቤቷ ግን የእናንተን ፈተና ካላለፍሽ ቤተሰቦችን ቤታቸው ሄዶ መጎብኘት ይቀርና ቢሮ ተቀምጠሽ ስልክ ታነሻለሽ አላት። ደጋግማ ተፈተነች፤ እናንተም ሳይሰለቻችሁ ደጋግማችሁ ጣላችኋት።

አንደኛ፣ ስለ ግልጽነታችሁ አመሰግናለሁ። ነጮቹ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ሙከራ እንደሚያልፉ፣ ከእኛ ከጥቁሮቹ ግን ግማሻችን እንኳ እንደማናልፍ ራሳችሁ በሪፖርት ነገራችሁን። ፈተናው ምንም እንዳልሆነ፣ ጉድለቱ እኛው ጋ እንዳለ ማስረዳታችሁም ደግ ነው። እኛ ሰፈር ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ባለሱቅ ሚዛኑን ካልመረመረ ገበያ አያገኝም። እናንተ ግን ገበያተኛውን ነው የምትመረምሩት።

ሁለተኛ፣ ስለ ዓሣው። ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ስለሆነ ሬኒታ እዚያ ታጠና ነበር። የምታስጠናት የሥራ ባልደረባዋ ኬልሲ ናት፤ ነጭ ናት፣ በመጀመሪያው ሙከራ ያለፈች፣ ልበ ቅን ልጅ። በመለማመጃ መጽሐፉ ላይ አንዲት አሮጊት ለጎበኘቻቸው ማኅበራዊ ሠራተኛ የምግብ ሳህን ያቀርባሉ፤ በቅድሚያ ምን ታደርጋለች ይላል። ሬኒታ አመስግና ትቀበላለች አለች። ኬልሲ አንገቷን ደፍታ፣ ተሳስተሻል፣ መልሱ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ አስረድታ አትቀበልም ነው አለቻት። ክቡራን፣ የእኔን የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ዳቦ እምቢ ብሎ ደንብ የሚያስረዳኝ ሰው ስለ ልጆቼ የሚሰማው ወሬ የለም። በሩ ወዴት እንደሆነ አሳየዋለሁ። ሬኒታ መጀመሪያ ቤቴ የመጣች ቀን ያቀረብኩላትን ባትበላልኝ ኖሮ የልጄን ሕመም አፌን ከፍቼ አልነግራትም ነበር፤ ያን ባልነግራት ደግሞ ዳኛው ፊት የምትለው አይኖራትም ነበር።

ኬልሲ በመጨረሻ መጽሐፉን ዘጋችና እንዲህ አለቻት፦

«ሬኒዬ፣ የምታውቂውን ሁሉ እርሺው። ሰፈሩን ረግጠሽው የማታውቂ፣ ሰዎቹንም ትንሽ የምትፈሪያቸው አድርገሽ ራስሽን አስቢና መልሺ።»

እኔ ሳቅሁ። እነሱ አልሳቁም።

ሦስተኛው አቤቱታዬ፣ ምክሩ ሠራ። ሬኒታ አለፈች።

እንግዲህ እንኳን ደስ አላችሁ። ሰው ማንነቷን ካላጠፋች የማታልፈው ፈተና አዘጋጅቶ፣ በዚያ ላይ ስለ እኩልነት ስብሰባ ጠርቶ ሳንድዊች መብላት ቀላል ችሎታ አይደለም። እኔ ብሆን ጉሮሮዬ ላይ ይሰነቀርብኝ ነበር።

ረጅም ዕድሜና ያልተረበሸ እንቅልፍ እየተመኘሁላችሁ፣ ያላስተማራችሁኝ፣ ያልፈተናችሁኝና ስለዚህም ገና ያልወደቅሁ አክባሪያችሁ፣

ኦዴሳ ፔትዌይ

ማስታወሻ፦ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሬኒታ ማለፏን ልታበስረኝ ቤቴ መጣች። አቀፍኳት፣ አለቀስን፣ ሳህኗን አቀረብኩላት። እጇ ሊቀበለኝ ተነሣና መሃል ላይ ቆመ። ወዲያው ደንግጣ፣ «ይቅርታ እማማ ኦዴሳ» ብላ ተቀበለችኝ፤ ጠርጋም በላች። ለዚያች ቅጽበት ግን እጇ የእናንተ ነበር። እሱን መልሱልኝ።