ጋዋንሽን ሳትለብሺ አንብቢው

ሩትዬ፣

ተሳካ! ውሃ ሲመጣ የሚጮኸው እቃዬ ተሳካ! ባትሪ ልገዛ ሸዋ በር ሮጫለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳህን እንዳትነኪው፣ የሰርኪቱን መዳብ የቀረጽኩበት አሲድ ነው።
(አዎ፣ ያንቺ ሳህን ነው።)

ፈረስ መጋላ ያሳተምኩትን የሰርኪት ስዕል መዳብ ላይ ላሳርፍ በካውያ ስተኩሰው፣ ቶነሩ (የማተሚያው ቀለም) መዳቡ ላይ አልይዝ እያለ ሲያበግነኝ አልነበር? ካውያሽ አይሞቅም እያልኩ ስሙን ሳጠፋ ከረምኩ። ዛሬ ጠረጴዛው እንዳይቃጠል ብዬ ጋዋንሽን አጥፌ ከስር አነጠፍኩት። ለካ መዳቡ ተንሸራቶ ወጥቷል፤ እኔ ሳላይ ወረቀቱን ጋዋኑ ላይ እተኩሳለሁ። ሳነሳው እያንዳንዷ መስመር ቁልጭ ብላ የጋዋንሽ ጀርባ ላይ ታትማለች!

ሳቄ ግቢውን ሲያናጋው እትዬ ሰዐዲያ ከበራቸው ሆነው፣ "ያ ረቢ! ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው!

ግን ገባሽ? ካውያሽ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የመዳቡ ነው፤ የጣቴ ቅባት ነበረበት። በሽቦ ስፖንጅ ፈግፍጌ፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያሽ ጠርጌ ብተኩሰው ሙጭጭ አለ።
(ማስለቀቂያው አልቋል።)

ከእንግዲህ ቧንቧው አጠገብ ቁጭ ብለሽ "መጣ፣ አልመጣ" ማለት ቀረ። አንዴ ጠብ ሲል ይጮህልሻል።

ጋዋኑን ለማጠብ ግን አትድከሚ። ቶነር በውሃ አይለቅም።
ሞክሬዋለሁ።
በርሜሉ ባዶ የሆነው ለዚያ ነው።

መቅደስ