የወንበሩ ማሞቂያ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4፣ ጠዋት

ትራም ላይ ነኝ፣ ዘ ሄግ፣ ከሰፈራችን ከላክ ወደ ሆስፒታል። ጡት መያዣዬ ውስጥ የባሌ የጌታሁን የዘር ናሙና አለ። በብልቃጥ። ሰውነት ላይ እንደሞቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት ተብሏል። እሱ አይሄድም። ከቤ/ክ የምናውቃት ሴት እዚያ ታጸዳለች፣ ታየኛለች አለ። እኔን ብታየኝ ግን ግድ የለም። አምስት ዓመት ስመላለስ ታይቼ የለ!

ወይ ጉዴ። እትዬ ዘነበች ገቡ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ደረሰ። በሰዓቱ። ግን ስሚኝ ማስታወሻዬ፣ እትዬ ጥብቅ አድርገው አቀፉኝ፣ ብልቃጡ ጎኔን ወጋኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አሁንም ምንም የለም? አሉ። ብርድ ማህፀንሽ ገብቶ ነው፣ ያለ ካልሲ ጫማ ታደርጊያለሽ፣ ጸበሉንም እንዳታቋርጪ። እሺ እትዬ እያልኩ ክዳኑ እንዳይከፈት በክንዴ ጫን አድርጌ ይዣለሁ። ንድድ አልኩ። የቤ/ክ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምን ይባላል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ውጤት መጣ። የዘሩ ቁጥር ትንሽ፣ እንቅስቃሴው ደካማ። የኔ ሁሉም ደህና። ይሄን ድሮም ነግረውኛል፣ ማን ሰማ።

ዶ/ሯ ስለ ሥራው ጠየቀችው። ታክሲ። ከአምስተርዳም አየር ማረፊያ ዘ ሄግ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ። ለወገቤ ብሎ የወንበሩን ማሞቂያ ክረምት ከበጋ አያጠፋም። ሲጋራ አለ። ቤት ሲገባ ደግሞ በጣም ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፋል። የወንድ ዘር ሙቀት አይስማማውም አለችው። ማሞቂያው ይጥፋ፣ ሲጋራው ይቅር፣ ቦርጩ ይቀንስ። አዲስ ዘር እስኪሠራ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ያኔ ድጋሚ ይለካ። ዋስትና የለም፣ ተስፋ ግን አለ። እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ልደፍን ነው። ሦስት ወር ለኔ ቀልድ አይደለም።

መኪና ገባን። ጌ. መጀመሪያ የነካው ምንን? ማሞቂያውን! አጠፋሁት። አበራው። አጠፋሁት። ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ።

ለማንም! የኔን ማህፀን እናቱ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሰውት የለ? ኪኒን ውጫለሁ፣ መርፌ ተወግቻለሁ፣ ሆዴ ውስጥ ካሜራ ከትተው አይተውኛል። እሱ ኮሪደር ላይ ስልኩን ሲጎረጉር። የሱ ሲሆን ምስጢር። አላለቅስም አልኩ። አለቀስኩ።

እሁድ፣ ኖቬምበር 16

ሮተርዳም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ። እትዬ ዘነበች ስጦታ አመጡልኝ። የሱፍ ካልሲ፣ ራሳቸው የሠሩት። ለማህፀንሽ አሉ፣ ሰው እየሰማ። ጌ. አጠገቤ ነው። ጠበቅኩት። አንድ ቃል እንኳ ይናገራል ብዬ። ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ ያማስላል።

"እትዬ፣ ብርድ አይደለም፣ ሙቀት ነው" አልኩ። "እኔ ጋም አይደለም።"

እትዬ ወደ ጌ. ዞረው ብዙ አዩት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ልጅ የላቸውም፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

"የኔው ሳይመረመር ሞተ" አሉ። "እኔ እስከ ዛሬ ካልሲ አደርጋለሁ።"

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት

ትናንት ስንመለስ ዴልፍት ከተማን ስናልፍ ጌ. አዋረድሽኝ አለ። አምስት ዓመት እኔን ሲሉኝ ስትሰማ አልተዋረድክም? አልኩት። ብርድ ነበር፣ ማሞቂያውን ግን አልነካውም። ሲጋራም አላጨሰም እስካሁን። አላመሰግነውም።

እትዬ ከሐሳቤ አልወጡም። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ካልሲ!

ወስኛለሁ። ፌብሩዋሪ ላይ ብልቃጡን ራሱ ይዞ ይሄዳል። በብብቱ። በትራም። እትዬ ዘነበች ከገቡም ተነስቶ ይታቀፍ።