ከፖስታቸው ጋር ስለ ተጣሉ ስሞች

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመንቆረር የፎቶግራፍ ቅርስ ማኖሪያ ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

አመልካች፦ ወይዘሮ አመተ ማርያም አካለ ወልድ፣ ዕድሜ 77

ጉዳዩ፦ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብቼ በፊልሞቹ ላይ ያሉትን ሰዎች በስም እንድለይ ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ሟች ባለቤቴ ፎቶ አንሺ ታዲዮስ ከ1963 እስከ 1999 ዓ.ም. በዚህ ከተማ ሠርተዋል። ረቡዕ ረቡዕ ካሜራውን በትከሻቸው፣ ጥቁሩን መጋረጃ በበቅሎ አድርገው ሮብ ገበያ ይወጡ ነበር። ገበያ መውጣት የተሳነው ሽማግሌ አለ ከተባሉ እስከ ደጁ ይሄዳሉ። እሳቸው ያነሳሉ፤ ፊልሙን የማጥበውና የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። ያስተማሩኝ መምህር ስም ያልተጻፈበትን ወረቀት ሳያነቡ ቀደው ይጥሉት ነበርና፣ በእኛም ቤት ስም የሌለው ፊልም አልተቀመጠም።

2. እያንዳንዱ ፊልም በራሱ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ነበር፤ በፖስታው ላይ ቁጥር ተጽፏል። ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ፊልም ከነፖስታው ለመሥሪያ ቤትዎ በስጦታ አስረክቤአለሁ። ከእኔ ቤት ይልቅ በእናንተ ዘንድ ይጠበቃሉ ብዬ ነው።

3. በሐምሌ ወር ሠራተኞችዎ ፊልሞቹን አውጥተው በላስቲክ ማህደር ከተቱና ፖስታዎቹን ጣሉ። ስጠይቅ ባለሙያው «እማማ፣ አሮጌ ወረቀት ብል ያመጣል ብለን ነው፤ ፊልሙማ አንድም አልጎደለም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጎደለም። መዝገቤም በእጄ አለ። ነገር ግን መዝገቡ የሚያገናኘው ቁጥርን ከስም ጋር ነው፤ ፊትን ከቁጥር ጋር የሚያገናኘው ፖስታው ብቻ ነበር። አሁን በእናንተ ዘንድ ስም የሌላቸው ፊቶች፣ በእኔ ዘንድ ፊት የሌላቸው ስሞች ቀርተዋል።

4. ይህ የወረቀት ነገር ብቻ እንዳይመስልዎ የደረሰውን እገልጻለሁ። የሮብ ገበያው ገበሬ አቶ እንዳላማው በጥቅምት ዐረፉ። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጎልማሳነታቸው፣ በባለቤቴ ካሜራ ተነስተዋል። ልጃቸው የብርጓል ለአርባቸው ፎቷቸውን ፈልጋ ወደ እናንተ መጣች። ጋቢ የለበሰ፣ ጺማም ሰው ነው ብላ ብትነግራቸው፣ ሠራተኞችዎ አንዱን ጋቢ ለባሽ ገምተው አሳጥበው፣ ጠቅልለው ሰጧት። ጥቅሉ፣ የብርጓልም ሳታየው፣ የተፈታው በሐዘንተኛው ፊት ነው። ሴቶቹ ደረት መምታት ከጀመሩ በኋላ አንድ ሽማግሌ «ይህማ የጉንደ ወይኑ ኻሊድ፣ ጨው የሚሸጥልን፤ ደኅና ሰው ነው፣ አትግደሉት» አሉ። ለቅሶው በሳቅ ተበተነ። የብርጓል ግን እንዳቀረቀረች ቀረች።

አቶ ኻሊድ ይህን ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ። «እትዬ አመተ ማርያም፣ ሳልሞት ተለቅሶልኛል፤ ለእኔስ ውለታ ነው። ግን እንዳላማው ወዳጄ ነበር፤ በእሱ አርባ እኔ ምን ልሠራ ገባሁ?» አሉኝ።

5. በዚህ የእኔም ጥፋት አለበት። ባለቤቴ ቁጥሩ በፊልሙ ጫፍ ላይ በቀለም ይጻፍ ብለውኝ ነበር። ፊልም አይቆሽሽም ብዬ የከለከልኩ እኔ ነኝ። እሳቸው ለንጽሕና ስላለኝ ፍቅር ዝም አሉልኝ። ሠራተኞችዎን በምወቅስበት በዚያው ነገር እኔም እወቀሳለሁ።

6. ፊቶቹን ግን አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ ያጠብኳቸው ናቸው። የአቶ እንዳላማው የግራ ጆሮ ጫፍ የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁን በታተመው ፎቶ ላይ በእርሳስ ልደፍንላቸው ስል ባለቤቴ «ተዪው፣ ሰውየው የሚታወቀው በእሱ ነው» ብለውኛል። ይህን ለመለየት ሦስት ጊዜ መጥቼ «አሠራሩ አይፈቅድም» ተብዬ ከበር ተመልሻለሁ። ፖስታ መጣልን የፈቀደው አሠራር፣ ስም መመለስን የሚከለክልበት ምክንያት እስካሁን በጽሑፍ አልተሰጠኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ) በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ከሠራተኛዎ ጋር ሆኜ ፊልሞቹን በብርሃን ላይ እያየሁ በስም እንድለይ፤ ከሁሉ በፊትም የአቶ እንዳላማው ተፈልጎ ለልጃቸው እንዲሰጥ፤

ለ) እስከዚያ ድረስ በግምት ለማንም ፎቶ እንዳይሰጥ፤

ሐ) እኔም ያላወቅሁት ሲገኝ «ስሙ ያልታወቀ» ተብሎ እንዲጻፍ። ስም አይፈጠርለት።

ፊልሞቹ ይመለሱልኝ አላልኩም። የሰጠሁትን አልነጥቅም።

ቀኝ ዓይኔ በዓይን ግፊት በሽታ ጠፍቷል። ሐኪሙ የግራውም እይታ እየጠበበ እንደሚሄድ፣ የጠፋውም እንደማይመለስ ነግሮኛል። ዛሬ የምለየውን ፊት ከክረምት በኋላ ላልለየው እችላለሁና፣ ፈቃድም ይሁን ክልከላ መልስዎን ከክረምት በፊት እጠብቃለሁ።

ለክቡርነትዎ ከሚገባው አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አመተ ማርያም አካለ ወልድ