ያልታጠበው ፊልም

ውድ እህትዓለም፣

ሰላምታ ላበዛልሽ ነበር የተቀመጥኩት፤ ግን በምን አፌ? የበደልኩሽን ሳልናገር "እንዴት ነሽ" ማለት ማስመሰል ሆነብኝ።

ልጅሽ አስራ ስምንት ዓመት ሞላት። ቁመቷ የአንቺ ነው፤ ስትቆጣ ዝም ማለቷም የአንቺ ነው። እኔ ያው ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ያቺው የምታውቂያት መኪና ላይ።

ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አቀርቅሬ የደንበኛ ቀሚስ እሰፋለሁ፤ እሷ ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለውን ዕቃ ታጸዳለች። ከጀርባዬ መጣች።

"እማ፣ የዚህ ነገር ስክሪኑ የት ነው?"

"የምኑ?"

"እንጃ። ቻርጅ ማድረጊያም የለው። የሚከፈት ነገር አለው፣ ልክፈተው?"

መኪናው ይጮኻል፣ ዓይኔ መርፌው ላይ ነው። "እንደፈለግሽ" አልኳት።

ዞር ስል መስኮቱ ጋ ቆማለች። ቡናማውን ጥቅል ጎልጉላ አውጥታ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግታ ታየዋለች። "ምንም የለበትም እኮ! ፎቶው የታለ?" ብላ ሳቀች።

መኪናውን አቆምኩ። የአንቺ ካሜራ ነበር።

"የእናትሽ ነው" አልኳት እንደ ምንም። "ፎቶው ታጥቦ ነው የሚወጣው።"

"ታጥቦ? በውሃ?"

በወለድሽ ማግስት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነሽ "ነይ አንሺን፣ ባላምርም ግድ የለም" አልሽኝ። አንዴ አነሳኋችሁ። ልደግም ስል ነርሷ አስወጣችኝ። በሦስተኛው ቀን አጣንሽ።

ነገ አሳጥበዋለሁ፣ ነገ አሳጥበዋለሁ ስል መጀመሪያ የያዘኝ ሐዘን ነበር። በኋላ ግን ልጅሽ አፏን ፈታች፤ እኔን "እማ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የያዘኝ ሐዘን አልነበረም። የተማሪነት ፎቶሽን አሳይቻታለሁ። እንዴት እንዳቀፍሻት ካየች ግን አክስት ብቻ ሆኜ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። በሰባት ዓመቷ "ከእናቴ ጋር የተነሳሁት ፎቶ የለም?" አለችኝ። "የለም" አልኳት፣ ዓይኗን እያየሁ።

ፊልሙን በፌስታል ጠቅልላ፣ እጄን ጎትታ የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሱት ሽማግሌ ጋ ወሰደችኝ። ገና ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ የጨለማ ዕቃ ነው፣ ልጄ። ብርሃን በልቶታል። ማን ከፈተው?"

"እኔ። መች አወቅኩ! እንደ ስልክ የሚታይ መስሎኝ…"

"ምን ነበረበት?" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

እሷም ዞረች። ያኔም መዋሸት እችል ነበር።

"አንቺና እናትሽ" አልኳት።

"የለም አላልሽኝም?"

"ብዬሻለሁ።"

ሽማግሌው ደንበኛ የጠራቸው ይመስል ወደ ጓዳ ገቡ። ማንም አልጠራቸውም።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ምን ለብሳ ነበር?" የዛሬ አስር ዓመት የሰፋሁትን ቀሚስ ቀለም ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። ያን ቀን የለበስሽው ግን ጠፋኝ።

"ሰማያዊ" አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝ። "አሁንም እየዋሸሽኝ ነው" አለች።

ጓደኛዋ ቤት ከገባች ሳምንት ሊሆናት ነው። ሐሙስ ደብተሮቿን ልትወስድ መጥታ፣ በገዛ ቤቷ ደጃፍ ቆማ "አክስቴ፣ አለሽ?" አለች። አቤት አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ተመለሺ ብዬ አላስጨንቃትም። ስለ አንቺ የማውቀውን ሁሉ እየጻፍኩላት ነው፤ የማላስታውሰው ላይ "አላስታውስም" እያልኩ። እስካሁን ሁለት ገጽ ሞላሁ፤ ግማሹ "አላስታውስም" ነው። ሳልጨምር፣ ሳላሳምር እሰጣታለሁ፤ ይሄን ቃል እገባልሻለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። እሷ ይቅር ሳትለኝ አንቺ እንዳትቀድሚያት።

ታናሽሽ