ዝም ብዬ እንድጽፍ ላሠለጠኑኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር ሚስተር ሎዌል ሃርግሮቭ
ለሆስፒታሎች የሐኪም ጸሐፊ የሚያቀርበው ድርጅት የሥልጠና ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ የተከበረ ቤተሰብዎንና የሠልጣኝ ድምፅ ተሰምቶበት የማያውቀውን ሞቃት ቢሮዎን በፍጹም ጤና እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከከተማችን ከዱሉት ብርድ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስሜን እንደማያስታውሱት ስለማውቅ ላስተዋውቅዎ። ዊላ ኒስካነን እባላለሁ፤ ሐኪም የመሆን ምኞት ይዤ ባለፈው የበረዶ ወራት በድርጅትዎ የተቀጠርሁና በከተማችን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተመደብሁ ሠልጣኝ ነበርሁ። ሥራው ሐኪሙ ሲመረምር ከጎኑ ቆሞ የሕመምተኛውን ካርድ በኮምፒውተር መጻፍ መሆኑን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሆኖም ሥልጠናዎን ካየሁ በኋላ ከዚህ በፊት የነገረዎት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይህንኑ ሁለት ጊዜ በግል ጽፌልዎት የደረሰኝ መልስ ማሽን የላከው ምስጋና ስለሆነ፣ አሁን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቪዲዮ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። የድርጅቱን ሸሚዝ እንዴት እንደምተኩስና ከሐኪም ጋር አሳንሰር ውስጥ ስገናኝ ምን ያህል ፈገግ ማለት እንደሚገባኝ ጠንቅቄ ተምሬበታለሁ። ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት ስም አንዳች ስላልነበረበት፣ በመጀመሪያው ቀን የተመደብሁላቸው ሐኪም ዶክተር ቤኬት የአንድ ታማሚ ልብ አዳምጠው ከተናገሩት ሁሉ የገባኝ «እና» የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ አሠልጣኝ አድርገው ስለሰጡኝ ስለ ትሬቨር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይህ ከእኔ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ የተቀጠረ ወጣት ውሎው በእረፍት ክፍል ሆኖ የበረዶ ሞተር ብስክሌቱን በስልክ መሸጥ ሲሆን፣ ያስተማረኝም አንዲት የኮምፒውተር ቁልፍ ብቻ ነው። «አትጨነቂ፤ ይቺን ስትጫኛት ሁሉንም ራሷ ትሞላልሻለች» አለኝ። እውነቱን ነው። ቁልፏ ማንንም ሰው ፍጹም ጤነኛ አድርጋ ትሞላለች። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ዓሣ አጥማጅ፣ የሁለቱም እግሮቹ ጣቶች ደህና እንደሆኑ ካርዱ ላይ ተጽፎ ቢያገኝ፣ ሁለተኛውን ጫማ መግዛት ይኖርበት እንደሆነ ነርሷን በትሕትና ጠይቋታል።

ሦስተኛው ጉዳይ ግን አያስቅም። ጸሐፊ ምርመራ ክፍል ውስጥ እንዳይናገር፣ ጥያቄ ካለውም በአሠልጣኙ በኩል ብቻ እንዲያቀርብ ደንግገዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ አርኔ ቶርቪክ የሚባሉ ጡረተኛ የመርከብ መካኒክ የደጃቸውን በረዶ ሲጠርጉ አዳልጧቸው ጭንቅላታቸውን ተመትተው መጡ። ልጃቸው ካሪን አባቷ ለልባቸው ደም የሚያቀጥን፣ ቶሎ እንዳይረጋም የሚያደርግ መድኃኒት እንደሚወስዱ ለዶክተር ቤኬት ስትናገር ሰምቼ ጻፍሁ። ወዲያው ዶክተሯ የመኪና አደጋ ደርሶ ተጠርተው ሮጡ። ትሬቨር በዚያ ሲያልፍ አየኝና «እንዲህ ከተንቀራፈፍሽ መቼ ልትጨርሺ ነው?» ብሎ ጎንበስ በማለት ቁልፏን ተጫናት። የጻፍሁት ጠፋ፤ በቦታውም «ምንም መድኃኒት አይወስድም» የሚል ተተካ።

ተተኪው ሐኪም ዶክተር ሉንድ ካርዱን አነበቡ፤ ሽማግሌው ሲቀልዱም ሰሙ፤ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱም ፈቀዱ። ካሪን መኪና ልታመጣ ወጣች። ለትሬቨር ብነግረው «አንቺ ጻፊ፤ ሐኪም ማረም ያንቺ ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስፈልገኝ የድጋፍ ደብዳቤ ከእርስዎ ቢሮ እንደሚወጣ አውቅ ነበር። ሽማግሌው አንድ እጃቸውን ካፖርታቸው እጅጌ ውስጥ ሲያስገቡ ሳይ ግን ሄጄ ሐኪሙ ፊት ቆምሁ።

«ዶክተር፣ ካርዱ ስሕተት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ልጃቸው ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልሁ።

ዶክተር ሉንድ ሄደው ካፖርቱን በገዛ እጃቸው አወለቁላቸው። በሲቲ ስካን ሲታይ ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ እየተጠራቀመ ነበር። ከመምሸቱ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ዛሬ ንግግራቸው ትንሽ ቢጎተትም በሕይወት አሉ።

አራተኛ፣ ስለ ሽልማቴ። በማግሥቱ ክቡርነትዎ ራስዎ ደወሉልኝና ድምፅዎን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመስማት በቃሁ። ስለ ሽማግሌው አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ደንበኞቻችን ፊት አታሳፍሪን» ካሉ በኋላ፣ ምርመራ ክፍል ውስጥ በመናገሬ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠኝ ነገሩኝ። ስለ ቁልፏ ስጠይቅዎ ሥራ እንደምታፋጥን አስረዱኝ። በዚያው ስልክ ሥራውን ለቀቅሁ። ትሬቨር ለፍጥነቱ ተመስግኖ የሌሎች ከተሞች ሠልጣኞችም እንደተጨመሩለት ሰምቻለሁ፤ ምርጫዎን ሳደንቅ እኖራለሁ። የእኛ ሆስፒታል ቁልፏን በዶክተር ሉንድ ጥያቄ ከኮምፒውተሮቹ አስወጥቷታል። እርስዎ ጸሐፊ በሚልኩባቸው ሌሎች ሆስፒታሎች ግን ዛሬም እየሠራች ነው። ልመናዬ አንድ ነው፤ ያስወጧት።

ስለ ሕክምና ካስተማሩኝ ሁሉ ይልቅ ስለ አለቃ ብዙ ላስተማሩኝ ለእርስዎ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣

የቀድሞ ሠልጣኝዎ
ዊላ ኒስካነን፣ ዱሉት

ማስታወሻ፦ አያድርገውና እርስዎም ወድቀው ከነዚያ ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ቢወሰዱ፣ ኮምፒውተር ይዞ ጥግ ላይ የቆመው ወጣት ስሕተቱን እያየ ዝም ቢልዎት እንዳይቀየሙት። በሚገባ አሠልጥነውታል።